ሰባቱ ጥቁር ክሮች

ጠበቃው የጥራዝ ቤቱን በር በእግሩ ገፍቶ ገባ። እጁ ባዶ ስላልነበረ ነው እንበልለት። የታቀፈውን ወፍራም ጥቁር መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ሲጥለው የሙጫው ጣሳ ዘለለ፤ ብሩሹም ተንከባሎ መሬት ወረደ።

«ይኼ ሥራ ነው?»

«እንደምን ዋሉ ይቀድማል፤» አለች ጠራዧ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

«እንደምን ዋሉ። ይኼ ሥራ ነው?»

ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚሁ ጠረጴዛ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተጎልቶ፣ መርፌዋ ሲወጣና ሲገባ እያየ፣ «ባለሙጫዬ» እያለ የሚያስቃት ይኸው ሰው ነበር። ዛሬ «እርስዎ» ነው የሚላት። የማያውቅ ሰው ቢሰማ ያከበራት ይመስለዋል። «አንቺ» ብሎ ያቀፋትን ሴት «እርስዎ» የሚል ወንድ ግን በሩን ዘግቶ ቁልፉን ወንዝ ጥሎታል። እሷም ይህ ስላልጠፋት መልሳ «እርስዎ» ትለዋለች። ማን ከማን ያንሳል!

«ጀርባው አይታጠፍም፤» አለ መጽሐፉን በጣቱ እየቆረቆረ። «ትናንት ችሎት ፊት ገጽ ላወጣ ብከፍተው እንደ ደረቅ እንጨት ተሰነጠቀ። ዳኛው ሳቁ። አባቴ ግን አልሳቀም።»

«አዝናለሁ።»

«ማዘን አያስፈልግም። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ሥራችን ወደ ማሽን ጥራዝ ይሄዳል። ደብዳቤው ይኸው።» ፖስታውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ከመጽሐፉ አጠገብ አስቀመጠው። ሲያስቀምጠው ግን አላያትም።

ጥግ ላይ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የነበሩት የቤቱ ባለቤት ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ። አርባ ዓመት ሙሉ ሙጫ ከጥፍራቸው ለቆ ስለማያውቅ ሰው ሁሉ «ጋሼ ሙጫ» ይላቸዋል። የጠበቆቹ ቢሮ በየዓመቱ የሚያስጠርዘው ሰባት ጥራዝ የፍርድ ግልባጭ ከሄደ በቤቱ የሚቀረው የትምህርት ቤት መዝገብና አልፎ አልፎ የሚመጣ የተቀዳደደ መዝገበ ቃላት ነው። በዚያ ደግሞ አንድ ሰው እንኳ አይኖርበትም። የሽማግሌው እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። የቤቱን ቁልፍ ከግድግዳው ሚስማር ላይ አንጠልጥለው «የፈለግሽ ቀን ያንቺ ነው» ካሏት ሁለት ዓመቱ ነው። እነሆ ቁልፉ ቀርቶ በሩም ሊሄድ ነው።

ጠራዧ መርፌዋን ሰካች። ቦርሳዋ ውስጥ ያልተፈረመ ወረቀት አለ። የኢንሹራንስ ድርጅቱ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ፣ ቋሚ ቅጥር፣ ጡረታ ያለው። እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ፈርማ ካላስገባች ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል። ልትፈርም ቆርጣለች። ጠዋት ለእናቷ ምላለች። ታዲያ በሄደችበት ቀን «ሥራዋ ተበላሽቶ ነው የሄደችው» ሊባል? ሞቷ ነው።

«የእኔ ጥራዝ አይሰነጠቅም፤» አለች።

«ተሰንጥቋል።»

«እንግዲያው ውስጡ የእኔ ያልሆነ ነገር አለ። ቁጭ ይበሉ። እዚሁ ፊትዎ እከፍተዋለሁ።»

እሱም እንደማይቀመጥ ተናግሮ፣ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ። በዚያችው በርጩማ ላይ። ሁለቱም ይህን ልብ አሉ፤ ሁለቱም ተናደዱ።

የእናቷ ነገር እንዲህ ነው። እናቷ ሃያ ዓመት ሙሉ የጠበቃውን አባት ቤት ልብስ አጥባለች፣ ተኩሳለች። ልጁ ትምህርት ቤት የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ሁሉ በእጇ አልፏል። ልጇና የቤቱ ልጅ መዋደዳቸውን የሰማች ቀን ካውያውን ሸሚዝ ላይ ረስታ አንድ ኮሌታ አቃጠለች። ያ በሃያ ዓመት ውስጥ ያጠፋችው አንድ ጥፋት ነው። ዛሬ ጠዋትም ከተኩስ ጠረጴዛው ጀርባ ቆማ፣ ውሃ እየረጨች፣ የልጇን ጣቶች እያየች ነበር የተናገረችው።

«እኔ የእሱን ኮሌታ ስተኩስ ኖርኩ። አንቺ ደግሞ የእሱን ወረቀት ስትለጥፊ ልታረጂ ነው? እኔ ቆሜ ያረጀሁት አንቺ እንድትቀመጪ ነው!»

«እማዬ፣ ሥራዬን እወደዋለሁ።»

«እኔስ ተኩስ ጠልቼ መሰለሽ? ሸሚዝ ቀጥ ሲል ደስ ይለኛል። ደስታዬ ግን ጉልበቴን አላዳነውም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እጅሽን በደንብ ታጠቢና ሂጂ። ሙጫ ሙጫ እያልሽ ቢሮ አትግቢ፤» አለቻት። ጠራዧም ማለች። እናት ስትቆጣ መልስ አይጠፋም። እናት ድምፅ ዝቅ ስታደርግ ግን መልስ የለም።

ነገሩ የተበላሸው ግን በእናቷ ምክንያት አይደለም። ጠበቃው ድሮ ቅጠል ይስል ነበር። የሕግ ተማሪ ሆኖ፣ ከየመንገዱ ዳር የሚለቅመውን ቅጠል ከነደም ሥሩ፣ ከነተባይ ንክሱ በእርሳስ እየሳለ ደብተር ሞልቶ ነው መጀመሪያ ወደዚህ ቤት የመጣው። በአረንጓዴ ጨርቅ ጠረዘችለት፤ ለዕልባት የሚሆን ቀይ ክር ሰፋችበት። ገልጦ አይቶ ዝም አለ፤ ቀና ብሎ እሷን ሲያይ ደግሞ ዝምታው ረዘመ። ፍቅራቸው ከዚያ ዝምታ ነው የተወለደው። በኋላ አባቱ የጥብቅና ቢሮውን ወንበር ሰጠው፤ ቅጠሉ ቀረ። ከዚያማ አንድ ቅዳሜ የኢንሹራንሱን የቅጥር ማስታወቂያ ከጋዜጣ ቀድዶ አመጣላትና «ግቢበት» አላት። እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። «ሙጫ ስታሸቺ ታረጃለሽ፤ በሚወዱት ነገር ቤት አይቆምም፤» አላት። «አንተስ የምትወደውን ትተህ ቤትህ ቆመ?» ብላ መለሰችለት። በርጩማዋን ገፍቶ ወጣ። በሳምንቱ የቢሮው ተላላኪ ሰባቱን የፍርድ ግልባጭ እስር አመጣ። እሱ አልመጣም። ጠረዘችው፣ ተወሰደ፣ ነገሩ በዚያው ሆድ ይፍጀው ሆኖ ቀረ። በንዴት የኢንሹራንሱን ፈተና ተፈተነች፤ አለፈች። ሰው ለንዴቱ ሲል የሚያልፈው ፈተና ይገርማል።

አሁን ቢላዋዋን አወጣች። የመጽሐፉን ጥቁር ጨርቅ ከጀርባው ጠርዝ ጠርዙን ይዛ ቀደደችው። ከጨርቁ በታች፣ በተሰፉት ወረቀቶች ወገብ ላይ፣ ጀርባውን ለማጠንከር ከቁርጥራጭ ማጠራቀሚያ ሳጥን የወጣ ወረቀት ይለጠፋል። ስስ መሆን አለበት። ይኼኛው ግን ወፍራም ነው፤ እንደ ካርቶን የደረቀ የደብዳቤ ወረቀት።

«አሃ፤» አሉ ጋሼ ሙጫ በትከሻዋ ላይ አጮልቀው። «ልጄ፣ ይኼን ከየት አገኘሽው? ይኼ የትልቅ ሰው ወረቀት ነው።»

«ከሳጥኑ ነዋ።» ፊቷ ቀላ። ጥፋቱ የእሷ ነው። ጠበቃው ይህን ሲሰማ በርጩማው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ የረካ መሰለ።

በእርጥብ ስፖንጅ አራሰችው፤ ሙጫው እስኪላላ ጠበቀች። ከዚያ በአጥንት የወረቀት ማጠፊያዋ ጫፍ ቀስ ብላ ላጠችው። ወረቀቱ እንደ ቀበቶ ረጅምና ጠባብ ሆኖ ተቆርጧል። ስትገለብጠው የእጅ ጽሕፈት አየች። በእስክሪብቶ የተጻፈ ስለነበር ቀለሙ አልለቀቀም።

የዚህ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ ጠራዥ አያነብም። ሰው ፍቺውን፣ ውርሱን፣ ገበናውን ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቶ የሚሄደው ይህን አምኖ ነው። ጋሼ ሙጫ ሕጉን ያስተማሯት ገና መርፌ ሳያሲዟት ነው፤ እሷም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አላነበበችም። አሁን ግን ይህን ጽሕፈት ታውቀዋለች። ዓይኗ አልታዘዝ አላት።

ወረቀቱ ከላይ ወደ ታች ስለተቆረጠ ከየመስመሩ መሃል መሃሉ ብቻ ቀርቷል።

«…ያዢ ያልኩሽ…» ይላል። ከሥሩ «…አስቤ አይደለም…»። ቀጥሎ «…አባቴ ወንበር ላይ…»፣ «…ስትስቂ ሳይ…»። አምስተኛው ላይ አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «…ቀናሁብሽ…»። ከዚያ «…ቀይ ክር…»። መጨረሻው «…እንደወትሮው ጥቁር…»።

ቀና ስትል ጠበቃው ቆሟል።

«ይኼ እዚህ ምን ይሠራል?» አለ በሹክሹክታ። «ይኼን እኮ… አንብበሽዋል። መልስ ልከሽልኛል!»

«አንቺ» ማለቱን ሁለቱም አላስተዋሉም። ጋሼ ሙጫ ግን አስተውለው መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«ምን መልስ? የት ነው ያገኘሁት? ለማን ሰጠኸው?»

«ለማንም አልሰጠሁም። ከመጀመሪያው እስር ላይ፣ ከሽፋኑ ወረቀት ሥር አደረግኩት። መጀመሪያ የምትነኪው እሱን ነው ብዬ!»

ጋሼ ሙጫ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «አዬ ልጄ! ከእስሩ ላይና ታች ያለ ወረቀት እኮ መጠቅለያ ነው። ሳይታይ ወደ ሳጥን ይገባል። አገር ምድሩን አዳርሰህ ከዚህ የከፋ ቦታ ማግኘት አትችልም ነበር።»

«የቀረው የት ነው?» አለች ጠራዧ።

«እኔ ልንገርሽ…»

«አንተ አትነግረኝም! አንተ እንጀራህ ማሳመን ነው። ራሴ አነበዋለሁ።» ቁራጩን ለካችው። «ከአንድ ወረቀት ሦስት ይወጣል። ሁለቱ ከሌሎቹ ጥራዞች ጀርባ ውስጥ ነው ያሉት። ጥራዞቹ የት ናቸው?»

«ከወንበሬ ጀርባ። መደርደሪያው ላይ።»

ስምንት ወር ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶት ተቀምጧል ማለት ነው። ይህ ሲገባው በሩን በእግሩ ሳይሆን በትከሻው ከፍቶ ሮጠ፤ ኮቱን እንኳ አላነሳም።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁለት ጠንካራ ጀርባ ያላቸው ጥራዞች ይዞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። ሁለቱን ቀደደች፣ አራሰች፣ ላጠች። ሦስቱን ቁራጮች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ሽማግሌው ወደ ጓዳ ሄዱ፤ እዚያ ምንም ሥራ አልነበራቸውም።

«ያንን ቋሚ ሥራ ያዢ ያልኩሽ ላንቺ ብዬ መስሎሽ ይሆናል። ላንቺ አስቤ አይደለም። እኔ ቅጠሎቼን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ አባቴ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ፣ አንቺን በሙጫ እጅሽ ስትስቂ ሳይ አልቻልኩም። በእውነት ነው የምልሽ፤ ቀናሁብሽ። ሥራሽን አትተዪ። ይቅር ካልሽኝ የጥራዞቹን ዕልባት ቀይ ክር አድርጊልኝ። ካላልሽኝ እንደወትሮው ጥቁር ይሁን፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በመጀመሪያው ንባብ አዘነችለት። በሁለተኛው ግን እሳት ጎረሰች።

«በክር ፈረድክብኝ?»

«ሰባት ጥቁር ክር ላክሽልኝ! አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፣ ሰባት! እያንዳንዱን መዝገብ ስከፍት እምቢታሽን እየቆጠርኩ…»

«ጥቁር ያዘዘኝ የቢሮህ ማዘዣ ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ ጥቁር ነው የምታዙት!»

«ለዚህ እኮ ነው ቀይ ያልኩት!»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም? ከቢሮህ እዚህ ሁለት መንገድ ማቋረጥ ነው። ለሰው ሁሉ አፍ ትሆናለህ፤ ለራስህ ጊዜ ግን በክር መልሺልኝ አልክ! ይኸው ስምንት ወር ጠላሁህ። በደንብ ነው የጠላሁህ፤ ሥራዬ ብዬ።»

«እኔስ? ዛሬ የመጣሁት ለጀርባው ነው? ለተሰነጠቀ ጀርባ ተላላኪ ይበቃል። አባቴ ‹ሥራውን ውሰድ› ሲለኝ ደስ አለኝ። እንዲያምሽ ፈልጌ ነበር!»

«አመመኝ። ደስ ይበልህ።»

ከዚያ ጠራዧ ልትናገረው የማትፈልገውን ነገር ተናገረች፤ ካልተናገረችው ፍርዱ ጎደሎ እንደሚሆን ገብቷታል።

«ጽሕፈትህን አይቼዋለሁ።»

«ምን?»

«ሽፋኑን ሳነሳ አየሁት። ያንተ መሆኑን አወቅኩ። ገልብጬ ሳጥኑ ውስጥ ጣልኩት፤ በሳምንቱ በገዛ መቁረጫዬ ሦስት አድርጌ ቆረጥኩት። ጠራዥ አያነብም ብዬ። ሕጋችን እንደዚያን ቀን ተመችቶኝ አያውቅም።»

ጠበቃው በርጩማዋ ላይ ተመልሶ ዘጭ አለ፤ የአባቱ ወንበር ላይ እንዲህ ተቀምጦ አያውቅም።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ተኩል ይላል። ጠራዧ የቅጥር ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አትፈርሚ፤» አለ ቶሎ ብሎ።

«እስቲ ስማኝ። ግቢ ስትለኝ ቀንተህ ነው። አትግቢ ስትለኝ አፍቅረህ ነው። እናቴ ፈርሚ ስትለኝ ጉልበቷን አሟት ነው። እኔ ደግሞ ልፈርም የነበረው አንተን ላናድድ ነው። በዚህ ሁሉ መሃል ስለ ሥራው ያሰበ አንድ ሰው የለም!»

«እና ምን ታደርጊያለሽ?»

መልሱን ገና እያሰበችው ነበር። ለቃለ መጠይቅ የሄደች ቀን የመዝገብ ክፍሉን አሳይተዋታል። መዝገቡ በሲባጎ ታስሮ መሬት ላይ ተከምሯል፤ ግማሹን አይጥ በልቶታል፣ ግማሹን እርጥበት አጣብቆታል። ያን ቀን ጣቷን በልቷት ነበር። ያንቺ ሥራ ማስቀመጥ ነው እንጂ መጠረዝ አይደለም ብላ ራሷን ገሥጻ ወጣች።

ከጋሼ ሙጫ ጠረጴዛ ላይ ባዶ ወረቀት ስባ ቆማ ጻፈች። ሲባጎ የሚያስርላቸው ሰው ከሚቀጥሩ፣ መዝገቡን ለዚህ ቤት ቢሰጡ በዓመት ስንት ጥራዝ እንደሚወጣው፣ በምን ጨርቅ፣ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ። አጭር ነበር። ጽፋ ስትጨርስ ሁለቱን ወረቀቶች በአንድ እጅ ያዘች።

«መጀመሪያ ይኼን እሰጣቸዋለሁ። እሺ ካሉ ቁልፉን ከሚስማሩ አወርዳለሁ። እምቢ ካሉ እዚያው ይኼኛውን እፈርማለሁ፤ እናቴ በቂ ቆማለች። ከሥራ ስወጣ ደግሞ እዚህ መጥቼ እጠርዛለሁ። ሳልቀመጥ!»

«አብሬሽ ልምጣ። ስለ ውል አውቃለሁ።»

«አትመጣም። አንተ ሥራ አለህ። ሦስት ጀርባ ተልጦ ተቀምጧል፤ ጋሼ ያሳዩሃል፣ አንተ ትለጥፋለህ።»

ጋሼ ሙጫ እንደተጠሩ ሁሉ ከጓዳ ብቅ አሉ፤ ብሩሹን ከመሬት አንስተው አስጨበጡት። እንደ ችሎት ሰነድ በሁለት ጣቱ ያዘው።

«ምን ወረቀት ላድርግበት?»

«ባዶ።»

«ክሩስ?» አለ። በሩ ጋ ደርሳ ነበር። «የክሩ ቀለም ምን ይሁን?»

ዞረች። «በክር መነጋገር በቅቶኛል። አፍ አለህ። ደግሞ ሳጥንህን ሳትከፍት ስለ እኔ ሥራ ሁለተኛ እንዳታወራ፤ መጀመሪያ ቅጠሎችህን አውጣ።»

ከብሩሹ የወረደ ሙጫ የጫማውን ጫፍ አጣበቀው። እንጀራው ንግግር የሆነው ሰው ያለ መግቢያ፣ ያለ ማስረጃ፣ በሽማግሌው ፊት፣ «ይቅር በይኝ» አላት።

እሷ ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ፣ ሥራውን የሚወስደውን የጠበቆቹን ፖስታ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ኮቱ ኪስ ውስጥ መልሳ ከተተችውና ወጣች።

መንገዱ ላይ በፍጥነት ተራመደች። ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ በዚህ መንገድ ስታልፍ ለእሱ የምትመልሰውን ስድብ እያዘጋጀች ነበር የምትሄደው። ብዙ አጠራቅማለች፤ አንዳንዱ ያምር ነበር። አሁን አንዱን እንኳ ብትፈልግ አጣችው። የድርጅቱን በር ስትገፋ እጇን እንዳልታጠበች አየች፤ ሙጫው በጣቶቿ ላይ ደርቆ ወረቀቶቹን አጣብቋቸዋል። መዝገብ ክፍሉ እምቢ ቢላትስ? እሺ ቢላትስ? ተመልሳ ስትመጣ በርጩማዋ ላይ ማንም ባይኖርስ? ስትጠላው አንድም ነገር አልፈራችም ነበር። አሁን ግን ፈራች፤ ፈርታም የተጣበቁትን ወረቀቶች ይዛ ገባች።